ድንኳን ይዞ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ፦ ከግድብ ውሃ በላይ ባለ ተራራ በነጻ ለማደር

ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ወደየትኛውም አቅጣጫ ቢያቀና ድንኳን የሚተከልበት ገላጣ ኮረብታ አያጣም። በምሥራቅ የአንኮበርና የጣርማ በር ገደል አፋፍ፣ በሰሜን የመንዝ ሰፊ ደጋ፣ በምዕራብ ደግሞ እስከ ጀማ ሸለቆ አፋፍ የሚዘልቀው ሜዳ አለ። በእነዚህ መካከል ለመስኖና ለከብት መጠጥ ተብለው የተሠሩ ትናንሽ ግድቦችና ኩሬዎች አልፎ አልፎ ይገኛሉ፤ ከውሃው በላይ ያለው ዳገትም ብዙውን ጊዜ ሣር የለበሰ የጋራ ግጦሽ ሲሆን፣ መግቢያ በርም ሆነ ትኬት ቆራጭ የለውም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ባለው ሥፍራ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ለማደር የሚያስብ ሰው መቼ መሄድ፣ ማንን መጠየቅና የት መስፈር እንዳለበት፣ ከብርዱና ከውሃውም እንዴት እንደሚጠነቀቅ ለማስረዳት የቀረበ ነው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ክፍያ የሚቀበል ሰው ባይኖርም መሬቱ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። ክፍያ በሚጠየቅበት ሥፍራ ጥበቃው፣ መጸዳጃው፣ የሚጠጣው ውሃና ችግር ሲገጥም የሚጠየቀው ሰው ከክፍያው ጋር አብረው ይመጣሉ፤ ክፍያ በሌለበት ግን ተጓዡ እነዚህን ሁሉ ራሱ አስቦ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ከአካባቢው ሰውም ጋር ራሱ ተነጋግሮ ማሟላት ይኖርበታል። በዚህም ምክንያት በድንኳን አድሮ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ሌሊቱን በመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ቢያሳልፍ ይመረጣል። ጓሳ የሚከፈልበት ቢሆንም፣ ሣሩ የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት እየወሰነ ቦታውን ጠብቆ ያቆየ ማኅበረሰብ ስለሚያስተዳድረው ክፍያው አያስቆጭም። ብርዱን፣ ከፍታውንና የራስን ዕቃ እዚያ ፈትኖ፣ ከዚያ በኋላ ጠባቂ ወደሌለበት ዳገት መውጣት ይሻላል።

ወቅትና መንገድ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ጊዜ መሞከር አያስፈልግም። የደጋው ጥቁር አፈር ሲርስ መኪና ይይዛል፤ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ላይገፈፍ ይችላል፤ ዛፍ በሌለበት ኮረብታ ላይ ደግሞ ለመብረቅ ቅርብ የሚሆነው ድንኳኑና በውስጡ ያለው ሰው ነው። በመንዝና በጣርማ በር አካባቢ በልግም ስለሚጥል ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደ በጋ ሊቆጠር አይገባም፤ ገበሬው ለበልግ ገብሱ ወደ ሰማይ በሚያንጋጥጥበት ሰሞን ዝናብ እንዳይመጣ የሚመኝ እንግዳ ሆኖ መገኘትም ደስ አይልም። የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ከዚህም ውስጥ ጥቅምት ግድቡ የሞላበት፣ ሣሩ ያልደረቀበት፣ ውርጩም ገና ያልጠነከረበት በመሆኑ ለጀማሪ ይስማማል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራና ኮከቡ የሚያምርባቸው ወራት ሲሆኑ፣ ሌሊታቸው ግን የከፋ ነው።

በጥር ወር አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በብዙ የገጠር ደብሮች ታቦት ጥር 10 ቀን ለከተራ የሚወርደው በአቅራቢያው ወዳለ ውሃ ነው፤ ግድብ ወይም ኩሬ ባለበት አካባቢም ጥምቀተ ባሕሩ እዚያው ዳር ሊሆን ይችላል። በበዓሉ ቀን ምእመን ሆኖ መገኘት መልካም ነው፤ ድንኳን ይዞ ሄዶ ለመዝናናት ግን ሌላ ሳምንት መምረጥ ይገባል። ጥምቀተ ባሕር የሆነ ቦታ ከበዓሉ ውጭም የተከበረ ስለሆነ፣ ሜዳው የቱንም ያህል የተመቸ ቢመስል አይሰፈርበትም።

ከዕቃ ዝግጅት ሁሉ የሚቀድመው የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ማጣራት ነው። ባለፈው ወር ሄዶ የተመለሰ ሰው የሚሰጠው መረጃ በቂ አይደለም፤ በሚሄዱበት ወረዳ ከሚኖር ሰውና ከወረዳው አስተዳደር በዚያው ሳምንት መጠየቅ፣ ደብረ ብርሃን ሲደርሱም ከሾፌሮች ደግሞ መስማት ያስፈልጋል። ሾፌር ዛሬ ያላለፈበትን መንገድ ተጓዥ ነገ ሊደፍረው አይገባም። የመልስ ጉዞም ቢሆን በቀን ብርሃን እንዲሆን ይታቀዳል።

በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄድ ሰው ከላምበረት መናኸሪያ በጠዋት ተነሥቶ ከረፋዱ በኋላ ደብረ ብርሃን ይገባል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ ለመጣ ሰው እዚያ ረዘም ላለ ሰዓት ማረፍ፣ ከተቻለም ማደር ሰውነትን ያለማምዳል። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሲብሱ መፍትሔው መውረድ እንጂ ማስታገሻ ውጦ መቆየት አይደለም። ምሳ በልቶ፣ የጎደለውን ከገበያ ሞልቶ፣ በሚኒባስ ወደ ወረዳው ከተማ መቀጠል ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ወይም በባጃጅ ሲሆን፣ ዕቃው ከከበደ አህያ ከነባለቤቷ መከራየት ከሁሉም ይቀላል፤ የአህያዋ ባለቤት መንገዱንም ሰውንም ያውቃልና።

ማንን መጠየቅ ይገባል

የጉዞውን መልካምነት የሚወስነው ይህ ክፍል ነው፤ ድንኳን አሻሻጮች ስለዚህ አይናገሩም። በሰሜን ሸዋ ገጠር ማንም የማያየው ቦታ የለም። ሰው የለም ብለው በሰፈሩበት ዳገት ላይ ገና ካስማው ሳይመታ ሁለት እረኞች ከዓለት ላይ ቁጭ ብለው ሲመለከቱ ይገኛሉ፤ ከሰዓት በኋላም ወሬው መንደር ደርሶ ያድራል። ስለዚህ ወሬው ከመድረሱ በፊት ራስዎ መድረስ አለብዎት።

በመጀመሪያ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ሊቀመንበሩ ካልተገኘ ከሚሊሻ አባላት አንዱን ይጠይቁ። የሁሉም ተጓዦች መታወቂያ ከነኮፒው፣ የመጡበት ምክንያት፣ የሚያድሩበት ሌሊት ብዛትና የስልክ ቁጥር ተዘጋጅቶ ቢቀርብ ጉዳዩ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል በመሆኑ ቤት ትቶ መምጣት ይሻላል። ግድቡንም ሆነ የቴሌ ማማውን ፎቶ ከማንሳት በፊት መጠየቅ ጥርጣሬን ያስቀራል።

ከቀበሌው ቀጥሎ ለሚሰፍሩበት ዳገት ቅርብ ወደሆነው ቤት መሄድ ያስፈልጋል። አጥሩ ድረስ ገብቶ በር ማንኳኳት የገጠር ልማድ አይደለም። ከአጥሩ ራቅ ብሎ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ መጣራት፣ ውሻው እስኪያዝ መጠበቅ፣ ሰው ሲወጣም ቆብና መነጽር አውልቆ ሰላምታ መስጠት ነው ወጉ። አባወራው አረጋዊ ከሆኑ «እንደምን ዋሉ አባቴ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኛ መንገደኞች ነን፣ ቀበሌውን አስፈቅደናል፣ እዚያ ከግድቡ በላይ ለአንድ ሌሊት ብናርፍ ይከፋዎት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ በጥያቄ ይጀምራል፦ «ከየት ናችሁ? ማን የሚባል ታውቃላችሁ? ደግሞ በዚህ ብርድ ሜዳ ላይ ለምን?» ይህን ሁሉ ሳይሰለቹ መመለስ ያስፈልጋል። ከቤት ግቡና እደሩ መባሉም አይቀርም። ግብዣውን ላለመቀበል ከፈለጉ ቡና ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ ለማታው ድንኳኑን እንደሚመርጡ በትሕትና ማስረዳት ነው፤ ጨርሶ ሳይቀመጡ መሄድ ግን ያስቀይማል። ቡናና ስኳር በትንሹ ይዞ መሄድ ጥሩ ስጦታ ነው። ለልጆች ከረሜላና ብር መበተን ከኋላ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ የሚያስቸግር ልማድ ስለሚያስጀምር ይቅር።

ከዚሁ ቤት ወይም ከመንደሩ ለሌሊቱ ዘብ የሚያድር አንድ ሰው ማስቀጠር ግዴታ ባይሆንም አጥብቄ የምመክረው ነው። የሚከፈለው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ቁርጥ ባለ ቁጥር ይነገራል። ዘብ የሚጠብቀው ሌባ ብቻ አይደለም፤ መንደሩ እንግዶቹን በአንድ ሰው በኩል አውቋቸዋል ማለት ነው፤ ሌሊት በመብራት የሚመጣ ሰው ቢኖርም መጀመሪያ የሚያነጋግረው እርሱን ነው።

ድንኳኑ የት ይተከል

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቦታው ተመርጦ፣ 10 ሰዓት ላይ ድንኳኑ ቆሞ መገኘት አለበት። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በደጋው ላይ ብርሃኑ ሲሄድ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል፣ በበረደ እጅ ደግሞ ገመድ መቋጠር አይመችም።

እንግዳን የሚያታልሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው አውድማ ነው። ክብ፣ ደልዳላ፣ ድንጋይ የሌለበት፣ በእበት ተለቅልቆ የጠነከረ መሬት ሲያዩ ሆን ተብሎ ለድንኳን የተዘጋጀ ሊመስልዎ ይችላል፤ ግን የገበሬው የዓመት እህል የሚወቃበት ስለሆነ ካስማ አይመታበትም፣ በጫማም አይረገጥም። ሁለተኛው የግድቡ ዳርቻ ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ከኋላው የሚቀረው ጭቃ ከላይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ገና እርጥብ ስለሆነ ከብትና ሰው ይይዛል። ከግድቡ አፈር ክምር ላይ፣ ትርፍ ውሃ ከሚወጣበት ቦይ አጠገብና ከግድቡ በታች ባለው ሸለቆ ውስጥም መስፈር አይገባም። ከዚህ ሌላ ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ከውሃው የሚነሣው እርጥበትም ይጨመርበትና ጎሕ ሲቀድ ግድቡ ዳር ያለው ሣር አመዳይ ለብሶ ያድራል። ከውሃው ጥቂት ደረጃ ከፍ ብሎ፣ ከኮረብታው ጫፍ ደግሞ ዝቅ ብሎ በዳገቱ ወገብ ላይ የተተከለ ድንኳን ከሁለቱም ይልቅ ይሞቃል፤ ጫፉ ነፋስ፣ ሥሩ ውርጭ ነውና።

በአንኮበርና በጣርማ በር አፋፍ የሚሰፍር ሰው ከገደሉ በጣም መራቅ አለበት። ከቆላው የሚነሣው ጉም በደቂቃዎች ውስጥ አፋፉን ይሸፍነዋል፤ ሌሊት ለሽንት የወጣ ሰው የራሱን ድንኳን ከአሥር እርምጃ ላይ ሊያጣው ይችላል። መጸዳጃው ከገደሉ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲሆን ማድረግ፣ ከድንኳኑ እስከዚያ ድረስም ገመድ መዘርጋት ወይም ነጭ ጨርቅ በየድንጋዩ ላይ ማሰር ይበጃል። ጥንቃቄው የተጋነነ የሚመስለው ጉሙን ላላየ ሰው ነው።

የደጋው አፈር በብዙ ቦታ ስስ ሆኖ ከሥሩ ዓለት ስለሚገኝ ካስማ አልገባ ሊል ይችላል። እንዲያ ሲሆን ገመዱን በድንጋይ ማሰር ነው፤ ድንጋዩ ግን ከእርከን ወይም ከካብ የሚነቀል መሆን የለበትም። ከእርከን አንድ ድንጋይ ሲወጣ በክረምቱ ጎርፍ የሚሄደው አፈር የአንድ ቤተሰብ ማሳ ነው። ለከብት የተከለለ ሣርም ከማሳ እኩል ይታያል። ወፍ ዋሻን የመሰለ ጥብቅ ደን ውስጥ ለማደር ደግሞ የቀበሌ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ የሚያስተዳድረውን አካል መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብርዱ

በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 0 ዲግሪ የሚጠጋበት፣ ከዚያም በታች የሚወርድበት ጊዜ ስላለ፣ ከከተማው ከፍ ብሎ የሚሰፍር ሰው ለውርጭ መዘጋጀት ይገባዋል። ብርዱ እጅግ የሚጠነክረው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ከንጋቱ በፊት፣ 11 ሰዓትና 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ደኅና ነኝ ብሎ ብርድ ልብሱን ለጓደኛው የሰጠ ሰው ይህንን ያስታውስ።

ስሊፒንግ ባግ ሲገዛ ወይም ሲከራይ ምልክቱ ላይ ከአንድ በላይ ቁጥር ይገኛል። ትንሹ ቁጥር ሰው ሳይሞት የሚያድርበትን የብርድ መጠን፣ ትልቁ ደግሞ ተኝቶ የሚያድርበትን የሚያሳይ ስለሆነ መመረጥ ያለበት በትልቁ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ የሌለው ሰው ግን አይጨነቅ፤ አገሩ የሱፍ አገር ነው። የመንዝ በግ ጸጉር የሚፈተልበት ባና ከብዙ ዘመናዊ ብርድ ልብስ ይሻላል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስም የታወቀ ነው። ሁለት ከላይ፣ አንድ ከታች ሆኖ ካልሲና ቆብ ከተጨመረበት የጥቅምት ሌሊት ይታለፋል።

ሰው በድንኳን ውስጥ ብዙ ሙቀት የሚያጣው በላዩ ሳይሆን በመሬቱ በኩል ነው። ስስ ፎም ብቻውን አይበቃም። ከቅርቡ ቤት አንድ ሸክም የገብስ ገለባ በገንዘብ ጠይቆ፣ ከድንኳኑ ሥር አራት ጣት ያህል ውፍረት አድርጎ መነስነስ ከማንኛውም ፍራሽ ይበልጣል። ገለባው የከብት ቀለብ ስለሆነ ዘይት፣ ሳሙናና ላስቲክ ሳይነካው በጠዋት ጠቅልሎ መመለስ ይገባል፤ ባለቤቱ ገንዘቡን ቢቀበልም ገለባው ሲመለስለት የሚሰማው ደስታ ሌላ ነው።

ከሰል የያዘ ማንደጃ በምንም ምክንያት ድንኳን ውስጥ አይገባም። ፍሙ ነጭ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም፤ ጋዙ ሰውን በእንቅልፉ ላይ ይገድላል፣ ብርዱ በጠነከረ ቁጥርም ድንኳኑ ስለሚዘጋ አደጋው ይከፋል። በምትኩ ውሃ አፍልቶ፣ ክዳኑ በደንብ በሚጠብቅ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስተኛት ይቻላል። ድንኳኑም ሙሉ በሙሉ አይዘጋ፤ የትንፋሹ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ጣራው ላይ ተጠራቅሞ ብርድ ልብሱን ያረጥበዋልና። አረቄን በተመለከተ አካባቢው የታወቀበት ቢሆንም፣ የሚያሞቅ የሚመስለው ደም ወደ ቆዳ ስለሚስብ ብቻ ነው፤ ያ ሙቀት ወዲያው ወደ ውጭ ይወጣና ሰውነቱ ከበፊቱ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ለቀን ጨዋታ ይሁን፤ ለመኝታ ግን አይሆንም።

ውሃ፣ እሳትና ስንቅ

የግድብ ውሃ የቱንም ያህል ጠርቶ ቢታይ ከብት የሚጠጣበት፣ ክረምት የማሳውን እጥበት ሁሉ የሚሰበስብ ውሃ ነው። ከተቻለ ከመንደሩ የሚቀዳበትን ምንጭ ወይም ቦኖ ጠይቆ መቅዳት ይሻላል፤ ወረፋ ካለም መጠበቅ። የጸበል ምንጭ ከሆነ ግን ለማብሰያና ለመታጠቢያ አይነካም። ለአንድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን 3 ሊትር ያህል ይታሰባል፤ ደጋው ላይ ላብ ስለማይታይ ሰው መጠማቱን ይረሳል። ሌላ አማራጭ ጠፍቶ የግድቡን ውሃ መጠቀም ግድ ሲሆን በመጀመሪያ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ማጥለል ያስፈልጋል፤ ይህ ጭቃውን ብቻ ሳይሆን አልቅትንም ያስቀራል። ከዚያ በኋላ ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑ መፍላት ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ማቆየት ነው። ውሃ አጋርን የመሰለ ማከሚያ የሚሠራው በጠራ ውሃ ላይ ስለሆነ ማጥለሉን አይተካም፤ ጃርዲያን በሚመለከትም ማፍላት ይበልጥ ያስተማምናል። በላዩ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ነገር የተንሳፈፈበትን ውሃ ግን ማፍላትም አያድነውም፤ መርዙ በሙቀት ስለማይጠፋ ሰውም ውሻም እንዳይጠጣው ይደረጋል።

በግድቡ ውስጥ መዋኘትን በሚመለከት አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይዋኝም። የደጋ ውሃ ድንገት ሲገቡበት ትንፋሽን የሚያሳጥር ቅዝቃዜ አለው፤ ዳሩ ጭቃ ነው፤ ጥልቀቱ የት ላይ እንደሚጀምር ከላይ አይታይም፤ ለማውጣት የሚደርስ ሰውም የለም። ዕቃና ልብስ የሚታጠበው ውሃውን በባልዲ ቀድቶ፣ ከዳሩ ስልሳ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ለመጸዳጃም እንደዚሁ ከውሃው ርቆ አንድ ስንዝር ያህል ጉድጓድ መቆፈርና በአፈር መመለስ፣ ወረቀቱንም በላስቲክ ይዞ መመለስ ይበቃል።

ማገዶ ከተራራው አይለቀምም። አስታና ጅብራ በዝግታ የሚያድጉ ናቸው፤ ደረቅ የሚመስለው ቁጥቋጦም ለመንደሩ ሴቶች የነገ ማገዶ ነው። አንድ እስር የባሕር ዛፍ እንጨት ወይም ጥቂት ኩበት ከቤት መግዛት ይቻላል። ኩበት ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ለረጅም ጊዜም ይሞቃል፤ ጭሱ ልብስ ላይ የሚቀር መሆኑን መቀበል ብቻ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሣሩ ደርቆ በትንሽ ብልጭታ ስለሚያያዝ እሳቱ በባዶ አፈር ላይ፣ ከድንኳኑ በነፋሱ በታች በኩል ይለኮሳል፤ ሲጨርሱም አመዱ እጅ እስኪያስገባ ድረስ በውሃ ይቀዘቅዛል። ነፋሱ ከበረታ እሳቱ ጭራሽ ቢቀር ይሻላል፤ ለዚያ ጊዜ ትንሽ የጋዝ ምድጃ መያዝ ያዋጣል።

በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ባቄላና ምስር ከከተማው ይልቅ ይዘገያሉ፣ ማገዶም ይበላሉ። ለእንዲህ ያለው ጉዞ አባቶች ስንቁን አስቀድመው ፈትነውታል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ለፍስክ ደግሞ ቋንጣ። ትኩስ ነገር ለፈለገ ሽሮ ፈጥና ትደርሳለች። በጾም ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ ሰው በሚያይበት ሥጋ መጥበስ የሚጎረብጥ ነገር መሆኑን የከተማ ልጆች አንዳንዴ ይዘነጉታል።

እንስሳትና የመነሻው ጠዋት

በደጋው ላይ ለተጓዥ የሚያሰጋው ጅብ ሳይሆን የእረኛ ውሻ ነው። ውሻ ሲመጣ መሮጥ አያስፈልግም፤ ቆሞ ባለቤቱን መጣራት፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው መሆን ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ከነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ጅብ የሚመጣው ለሽታ ስለሆነ ምግብና ጫማ ውጭ አይተው፤ ክዳን ባለው ባልዲ ተዘግቶ ዘቡ ጋር ወይም መኪና ውስጥ ይደር። የራስን ውሻ ይዞ መሄድ ጨርሶ መቅረት አለበት፤ በጓሳና በአካባቢው ያለውን ቀይ ቀበሮ ከሚጎዱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ሣር ሊነጩ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ለማየት ከፈለጉ ዝም ብለው ቢቀመጡ እነርሱ ይቀርባሉ፤ ምግብ ግን አይሰጣቸውም።

ስልክና ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክሙ ከብርድ ልብሱ ሥር ያድሩ። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ቤተሰብ የሚጠብቀው ጥሪ ከመስፈር በፊት ከኮረብታው ላይ ይደረግ።

ጠዋት ድንኳኑ ጤዛው ሳይደርቅ ቢታጠፍ ስለሚሸት ፀሐይ እስክትሞቅ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ያ ጊዜ ቆሻሻ ለመልቀም፣ የተሰበሰቡትን ድንጋዮች ወደነበሩበት ለመበተንና የእሳቱን ቦታ ለማጽዳት ይበቃል። ላስቲክና ጠርሙስ መንደር ውስጥ አይተውም፤ እስከ ደብረ ብርሃን ይመለሳል። ለዘቡ የተነጋገሩት ገንዘብ በእጁ ይሰጣል፣ ገለባው ይመለሳል፣ አባወራውን ተሰናብቶ የቀበሌውን ሰው በስልክ «በሰላም አደርን፣ እየሄድን ነው» ማለት ይቀራል። ለስንብት ቡና መቀመጥ ስለማይቀር የደብረ ብርሃኑን ሚኒባስ ሰዓት በዚያው ልክ አስቦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ዕቃ መጫን ይገባል።